የጥምቀት ቀሚስ የለበሰች ቤት

ወደ ድሮ ይዞኝ የሄደው ሽታው ነው። አምና ልጄ ሰብለ በጠዋት ደውላ «እማዬ፣ ድረሺልኝ፤ ቤቴ ጉድ ሆነ» ስትለኝ፣ ነጠላዬን እንደ ነገሩ ጣል አድርጌ በባጃጅ አዘዞ ደረስኩ። ሰብለና ባሏ ስንት ዘመን ዕቁብ ጥለው፣ ያማራቸውን ሁሉ ትተው፣ በዚያው ዓመት ነበር የራሳቸው ቤት የገቡት። ሲገዙት እኔም አይቼው እልል ብያለሁ። ግድግዳው በጂፕሰም ተለስኖ የእንቁላል ቅርፊት መስሏል፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ አምፖሉ በየጣሪያው ቀዳዳ ተሰክቶ ሲበራ ኮከብ ይመስላል። ታዲያ ጥቂት ወር እንደኖሩበት የጓዳው ግድግዳ ያልበው ጀመር። ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ፤ በመዶሻ ጠቅ ሲያደርገው ጂፕሰሙ ወረደ፣ ከጂፕሰሙ ሥር ሲሚንቶው ወረደ፣ ከሲሚንቶው ሥር ጭቃ! ብሎኬት ነው ተብሎ የተገዛው ቤት ከጀርባው የጭቃ ቤት ኖሯል። ቧንቧው ውስጥ ለውስጥ ሲያንጠባጥብበት ከርሞ ጭዱ በስብሷል፤ እንጨቱ እንደ ዳቦ ይቆረሳል። ሠራተኛው ለብሎኬቱ፣ ለሲሚንቶው፣ ለቧንቧው፣ ለእጄ እያለ የጠራውን ብር ስሰማ እኔም ክው አልኩ፤ ድሮ በዚያ ብር የቁስቋምን ሰፈር ከነአጥሩ ይገዙበት ነበር። ሰብለ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ከወደቀው ጭቃ አንድ ጉርሻ ያህል አነሳሁና አሸተትኩት።

«እማዬ! ምን ሆነሻል?» አለችኝ እንባዋን ሳትጠርግ።

«ይኼን ሽታ አውቀዋለሁ» አልኳት። «አንቺም ታውቂዋለሽ። ሆዴ ውስጥ ሆነሽ አሽትተሽዋል።»

ያኔ እኔና አባቷ አዳነ ገና አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ ሻይ በስሙኒ ይጠጣ እንደነበር ግን አልሳሳትም። አዳነ ልጅ ሆኖ ከመካነ ብርሃን የወረደ ልብስ ሰፊ ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ጣልያን ከሠራቸው ፎቆች ሥር፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ከጎኑ ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ነበር፤ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግሙት፣ መንገደኛው ሁሉ እርምጃውን ከዘፈኑ ጋር አስማምቶ ነበር የሚያልፍ። አዳነም ፔዳሉን የሚረግጠው በዚያው ምት ነው፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱ ይፈጥናል፣ ዘፈኑ የፍቅር እንጉርጉሮ ከሆነ የሰው ሱሪ ሳያልቅ ይመሻል። ያን ጊዜ የወንዱ ልብስ ካኪ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ያለው ቴትሮን ያሰፋል፤ ቴትሮን እኮ አይጨማደድም፣ ለብሰውት ቢተኙ እንኳ ጠዋት ከሱቅ እንደወጣ ነው። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በረንዳ ላይ፣ አዳነ ልኬቱን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ሲጽፍ ከጎኑ ተቀምጬ ነው። መጀመሪያ ያነበብኳቸው ቃላት «ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት» ናቸው። እስከ ዛሬም ጋዜጣ ሳነብ አንዳንዴ ሰውን በአንገቱ ዙሪያ የምለካው ይመስለኛል።

የምንኖረው በኪራይ ነበር፤ አንዲት ክፍል። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ጆሯቸው ግን ክፉ ነው። አዳነ የበዓል ሥራ ሲበዛበት መኪናውን ቤት አምጥቶ ሲሰፋ፣ በግድግዳው ማዶ ሆነው «ኧረ ያንን ባቡር አቁሙልኝ!» ይላሉ። ነፍሰ ጡር መሆኔን ሲያውቁ ደግሞ አንድ ቀን በር ላይ ያዙኝና፣ «ውዴ፣ እኔ ልጅ አልጠላም፤ የሚያለቅስ ልጅ ግን አልችልም» አሉኝ። የማያለቅስ ልጅ ከየት እንደሚወለድ አልነገሩኝም። ቤት መግዛት የገባብን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ወጥተን ስንሄድም የመጨረሻ ቃላቸው «ትመለሳላችሁ» የምትል ነበረች። እሷ ቃል እንደ ስንጥር ተሰክታብኝ ነው አዲሱን ቤት የገባሁት።

አሁን ልብ በሉ። የጎንደር ልብስ ሰፊ በዓመት አንዴ ነው እጁ ላይ ብር የሚቆመው፤ እሱም በጥምቀት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ማንም ያውቀዋል፤ እኛ አገር ግን አባባል ብቻ አይደለም፤ ከገና ማግስት ጀምሮ ሴቱ ሁሉ ጨርቁን አቅፎ አዳነ በረንዳ ላይ ይሰለፋል። እሱም ከከተራ በፊት እንቅልፍ የለውም። ጥምቀት ሲያልፍ ኪሱ ይሞላል። ታቦቱ በገባ ሳምንት፣ የጥምቀቱን ብርና አባቱ ከመካነ ብርሃን በጎች ሸጠው የላኩለትን ይዞ ቤት ፍለጋ ወጣ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አስቀያሚ ቤት የለም። እንግዳ ከየአገሩ ስለሚመጣ፣ የደኸየውም ያለውም ቤቱን ይመርጋል፣ ኖራ ይቀባል፣ አጥሩን ያጥራል። ሰው ብቻ አይደለም፤ ቤቱም አዲስ ቀሚስ ይለብሳል። አዳነ ከቁስቋም በታች ያያት ቤት እንዲህ ለብሳ የቆመች ነበረች። ነጭ በነጭ፤ ደጃፏ ላይ የደረቀ ቄጤማ አለ፤ መስኮቷ ሰማያዊ ተቀብቷል። ባለቤቷ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሊመነኩሱ የተዘጋጁ አሮጊት ነበሩ። አዳነ ገባ፣ ዞር ዞር አለ፣ «ሸጋ ናት!» አለ፣ ወጣ።

ይኼ ሰው እኮ ልብስ ሲመጣለት መጀመሪያ ገልብጦ ነው የሚያይ። ደንበኛው «ይኼን አጥብብልኝ» ብሎ ኮት ሲያመጣለት ፊቱን አያየውም፤ ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ፈልቀቅ አድርጎ፣ «ይኼማ ተበልቷል ወዳጄ» ይላል። ቤቷን ግን አልገለበጣትም። ኖራዋ አፈዘዘው። እኔም አልፈርድበትም፤ ሳያት እኔም ፈዝዣለሁ። የራስ በር የራስ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩትና እንደዘጋሁት!

በጋውን በደስታ አሳለፍን። አዳነ ሲሻው በሌሊት ይሰፋል፣ «ባቡሩን አቁም» የሚለው የለም። እኔም ለቅዳሜ ገበያ የማዘጋጀውን በርበሬ ጓሮ አሰጣለሁ፣ ሲደርቅ በጆንያ አድርጌ ጓዳ አስደግፋለሁ። ግንቦት ላይ ዝናብ ጣል ጣል ማለት ሲጀምር ከላይ ያለው ተዳፋት ውሃውን ወደኛ ጓሮ ይልከው ነበር። አንድ ቀን የበርበሬውን ጆንያ ከርጥበት ላርቀው ብዬ ብድግ ሳደርገው ተንገዳገድኩና በእጄ ግድግዳውን ተደገፍኩ። እጄ ገባ። እስከ አንጓዬ ድረስ ገባ! ሳወጣው ጣቴ መሐል ምስጥ ይርመሰመሳል። ያን ጊዜ ነው ይኼ ሽታ አፍንጫዬን ያለኝ፤ እርጥብ፣ ጎምዛዛ፣ ጭድ ጭድ የሚል።

አዳነ አያ ጓንጉልን ይዞ መጣ። አያ ጓንጉል በሰፈሩ ግማሹን ቤት ያቆሙ ሽማግሌ ናቸው፤ መዶሻ አይዙም፣ በከዘራቸው ነው ቤት የሚመረምሩ። ጠቅ፣ ጠቅ እያደረጉ ግድግዳውን ዞሩትና ቆም አሉ።

«አዳነ፣ ቤት ነው የገዛኸው የቤት ጥላ?»

«ምነው አያ?»

«ይኼ ግድግዳ በልማድ ነው የቆመ። ውስጡ እንጨት የለም፤ ምስጥ ጨርሶታል። ትናንት ቆሜ ነበር፣ ዛሬም ልቁም ብሎ ነው እንጂ የሚያቆመው ነገር የለውም።»

«ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል ብዬ…»

«ሰው ነው ሲያረጅ የሚጎብጥ። ቤት ሲያረጅ ባለቤቱ ላይ ነው የሚወድቅ። ና እስቲ፣ ወደ ላይ እይ።» ቆርቆሮውን በከዘራቸው አሳዩን። ቀትር ነበር፤ ከጓዳው ሆኜ ወደ ላይ ሳይ የፀሐዩ ብርሃን በየቀዳዳው ገብቶ ወንፊት መስሎ ታየኝ።

«ስንት ይፈጃል አያ?» አለ አዳነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አያ ጓንጉል መቁጠር ጀመሩ። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ቆርቆሮው፣ ምስማሩ፣ ጭዱ፣ የቀን ሠራተኛው… እሳቸው በጣታቸው ሲቆጥሩ አዳነ ዓይኑን ጨፈነ። ብራችንን እኮ ቤቷ ውስጥ ጨርሰነዋል። ሌላ ጥምቀት እስኪመጣ ድረስ የሚሰፋው የትምህርት ቤት ልጅ ቁምጣ ብቻ ነው። «ክረምቱን አይችልም ወይ?» አልኳቸው ሆዴን ይዤ። አያ ጓንጉል ሆዴን አዩና ከዘራቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩት። «አንቺ ልጅ፣ አልዋሽሽም፤ ሐምሌን አያይም። ነፍስሽንም የምትወልጅውንም ይዘሽ ከዚህ ጓዳ ራቂ።» እኔ የምወልደው ነሐሴ ላይ ነው። ያቺ «ትመለሳላችሁ» የምትል ቃል ያኔ ነው ስንጥሯ የወጋኝ።

የሰፈሩ ሰው መካሪ አይጠፋበትም። «ሴትዮዋን በሽማግሌ ጠይቋት»፣ «ሽማግሌ ካልሰማች ክሰሷት» ይሉናል። አዳነ አፈረ፤ እኔ ሄድኩ። አሮጊቷ መንኩሰው እማሆይ ወለተ ማርያም ተብለዋል፤ የሚኖሩት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ከፈረሰው ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለች ጎጆ ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፈትል ይፈትላሉ።

«እማሆይ፣ የጓሮው ግድግዳ ሊወድቅብን ነው» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

«እሱማ ይወድቃል» አሉ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «እኔስ ስንት ክረምት አልጋዬን ከሱ አርቄ ነው የተኛሁ።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?»

«ምነው ሳትጠይቁኝ?» አሉ። አሁን እንዝርቱ ቆመ። «ባልሽ ገባ፣ ኖራውን አየ፣ ሸጋ ናት አለ፣ ወጣ። ኖራውን ለናንተ ብዬ የቀባሁት እንዳይመስልሽ፤ በየዓመቱ ለጥምቀት እቀባታለሁ። ብሩም የለም፤ ለባለቤቴ ተዝካር አውጥቼበት፣ የቀረውን ለወንድሜ ልጆች አካፍዬ ነው የመነኮስኩ። ብትጠይቁኝ ግን እነግራችሁ ነበር፤ እውነቴን ነው።»

እውነታቸውን መሆኑ ነው ያበሸቀኝ። ቢዋሹኝ ኖሮ እሳደብና ይወጣልኝ ነበር። የምጣላው ሰው አጥቼ፣ ዳገቱን ቁልቁል ብቻዬን እያጉረመረምኩ ወረድኩ። ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ ድንጋዩ ሁሉ ኮብልስቶን ሆኖ፣ በየጥጉ የሞባይል ካርድ እየተሸጠ፣ እግሬ ያን ቀን የተደናቀፈበትን ቦታ ያውቀዋል።

ማታ አዳነ ራት አልበላም። «ውዴ፣ አንድ ሰው አግኝቻለሁ» አለኝ። ከጠዳ የሆነ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ከተማ ቤት ይፈልጋል፣ ሚስቱ ልጅ አዝላ ከጠዳ መመላለስ ደክሟታል። «ጭቃ ለጠፍ አድርጌ፣ ኖራ ቀብቼ ላሳየው።»

«እንዲህ ሆና?»

«እኛስ እንዴት ሆና ነው የገዛናት? እኔ አልጀመርኩትም። እንደገዛናት እንሸጣታለን። ከጠየቀ እነግረዋለሁ።»

«ካልጠየቀስ?»

«ማን ጠይቆ ያውቃል?»

እኔም አልተቃወምኩም። በዚያ ብር ሌላ ቤት፣ ደህና ግድግዳ፣ በደረቅ ጓዳ ውስጥ የተኛች ልጅ ታየችኝ። አዳነም ግድግዳውን ለጠፈው፣ ኖራ ቀባው፤ ጣት ሲነካው እንደሚረግብ ስለሚያውቅ ደግሞ ከጨርቅ ቅዳጅ መጋረጃ ሰፍቶ ከላይ እስከ ታች ጋረደው። አበባ ያለበት ሸጋ መጋረጃ ነበር። ቤቷ ሁለተኛ ቀሚስ ለበሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባልና ሚስቱ መጡ። ነጋዴው ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሳቂታ፤ ገና ከደጅ «እንዴት ናችሁ ቤቶች! ይኼ ሁሉ ንጣት የኖራ ነው የኑሮ?» እያለ ገባ። ሚስቱ ገና ልጅ ናት፤ ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላለች፣ መንገድ አድክሟት ፊቷ ገርጥቷል። አዳነ ያስጎበኛል፤ ሰውዬው ዞር ዞር ይላል። መስኮቱን አየ፣ ኖራውን አየ፣ መጋረጃውን አየ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሸጋ ናት!» አዳነ ያላትን ቃል፣ ልክ በአዳነ ድምፅ! ሌላ ምንም አልጠየቀም። አዳነ መሬት መሬቱን አየ። ያን ጊዜ ሴትየዋ «እህቴ፣ ትንሽ ወገቤን ላሳርፍ» አለችና ወደ መጋረጃው ሄደች። ጀርባዋን ሰጠችው። ሰው ግድግዳ ሲደገፍ እኮ በጀርባው ነው፤ የሷ ጀርባ ላይ ደግሞ ያለው ሕፃን ነው።

«ኧረ እዚያ አትደገፊ!» ብዬ ጮህኩ።

የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሕፃኗ ነቅታ ስታለቅስ ነው። ነጋዴው ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ «ምነው?» አለ።

አዳነን አየሁት። አፉ ጫፍ ላይ መልስ ተዘጋጅቷል፤ «ኖራው አልደረቀም» ሊል ነው፤ አውቀዋለሁ ባሌን። ቢላት ደግሞ ታልፍ ነበር። እሱ ግን ሕፃኗን አየ፣ ከዚያ የኔን ሆድ አየ። ቀስ ብሎ ሄደና መጋረጃውን ያዘው።

«ና ወንድሜ» አለው። «ገልብጬ ላሳይህ።» መጋረጃውን ሰበሰበና ጣቱን ግድግዳው ውስጥ ሰደደ። ጣቱ ሁሉ ገባ። «ተበልቷል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ነጋዴው ጣቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ አዳነን አየ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔ የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ» አለ። «ከላይ ሸጋ ሆኖ ከውስጥ የበሰበሰ ሲያቀርቡልኝ ነው የምውል። ልጦ ያሳየኝ ግን አንተ የመጀመሪያ ነህ።» ሚስቱ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቅፋ፣ ስትወጣ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

እነሱ ሲሄዱ እኔና አዳነ ተያየን። «አሁንስ?» አልኩት። «አሁንማ» አለ መጋረጃውን እያጣጠፈ፣ «የኛው ናት። ሌላ ማን ይወስዳታል!» ከስንት ቀን በኋላ ያን ጊዜ ነው የሳቅነው፤ እሱም ለቅሶ የቀላቀለ ሳቅ።

ነጋዴው ግን ወሬውን ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ተራ ላይ አወራው። ከሽንኩርት ተራ ወደ በርበሬ ተራ፣ ከበርበሬ ተራ ወደ ቁስቋም ደጀ ሰላም ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በሳምንቱ እማሆይ ወለተ ማርያም በከዘራቸው ዳገቱን ወርደው ደጄ ላይ ቆሙ። ግቡ ስላቸው አልገባም አሉ።

«እናንተ ሳትጠየቁ ተናገራችሁ» አሉኝ። «እኔ ግን አፌን ዘግቼ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ይኼ ነገር ጸሎቴን ቆረጠኝ። ብር የለኝም ልጄ፤ ብሬን አብልቼዋለሁ። ያለኝ ተሜ ነው።»

«ተሜ?»

«ተሜ! በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ከዚህ ደጅ ቁራሽ ሲወስዱ ያደጉ የቁስቋም ተማሪዎች። ስንቱን አጉርሻለሁ! የኔታን አስፈቅጃለሁ፤ ጭቃውን እነሱ ይረግጡታል። እናንተ እንጨቱን ፈልጉ።»

እንጨቱንም አዳነ በመርፌው ፈለገው። እንጨት ሻጩ ብዙ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ አዳነ ሄዶ «ለዘመን መለወጫ ልጆችህን ሁሉ አለብሳቸዋለሁ፣ አንተ ቋሚና ማገር ስጠኝ» አለው። ተስማሙ። አያ ጓንጉል የቋሚዎቹን እግር ምስጥ እንዳይደፍረው ከጋራዥ ባመጡት የተቃጠለ ዘይት ነከሩት። ቆርቆሮ መግዛቱ ግን ስላልተቻለ በየቀዳዳው ሬንጅ ተለጠፈ፤ አዳነ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ራሱ ነው የለጠፈው፣ እንደ ሱሪ ጉልበት እራፊ ጣፈው ማለት ይሻላል። ሰፈሩ ለደቦ በተጠራበት በጅጌው ቀን ተማሪዎቹ ደበሏቸውን አጥር ላይ ጥለው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው የጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ሰንብቷል፤ ሲረግጡት ያ ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ተማሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይረግጥም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ። አያ ጓንጉል ጠርዙ ላይ ቆመው ይጮኻሉ፤ «ኧረ ማኅሌት አይደለም፣ ጭቃ ነው! ከሥር እርገጡት!» ቅኔ ቤት የገባ አንድ ረጅም ተማሪ ነበር፤ አዳነን በዓይኑ ፈለገና እንዲህ ብሎ አወጣ፦

ልብስ ሰፊው አዳነ ሲለካ ቀሚሷን፣
ሳያያት ገዛ አሉ የተበላ ጎኗን።

ሰፈርተኛው በሳቅ ፈነዳ። አዳነ ጣሪያው ላይ ሆኖ «እንዲህ ያልከው ልጅ፣ ለጥምቀት እጀ ጠባብህን አጣብቄ ነው የምሰፋልህ!» ብሎ መለሰለት። የጾም ቀን ስለነበር ንፍሮና ሽሮ ነው ያቀረብኩት፤ ጠላውን ጎረቤት አዋጣ። ቀትር ላይ ከጠዳ በአህያ የመጣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ደጃችን ወረደ። የላከው ሰው ስሙን መናገር አላስፈለገውም፤ ሁላችንም አወቅነው።

ሰብለ የተወለደችው ነሐሴ ላይ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቀው ስለነበር ለቅሶዋን እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም፤ የቀድሞዋ አከራያችን ቢኖሩ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ስስቅ አዋላጇ ያበድኩ መስሏታል። በማግስቱ እማሆይ ሊጠይቁኝ መጡ። ቁጭ ሳይሉ አልጋዬን አዩትና ሄደው በጉልበታቸው ይገፉት ጀመር። «ይተዉት እማሆይ!» ብላቸውም እምቢ አሉ፤ ጎረቤት አግዟቸው አልጋው ከነእኔ፣ ከነሕፃኗ፣ የጓሮው ግድግዳ ላይ ተጠጋ። እማሆይ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆሙ። «እንዲህ ተኚ» አሉኝ። «እኔ ያልተኛሁትን።»

ቀጣዩ ጥምቀት ሲደርስ አዳነ ኖራውን በጥብጦ ቤቷን መቀባት ጀመረ። ፊቷን ቀባ፣ ጎኗን ቀባ፤ ወደ ጓሮ ዞሮ ያ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ መለሰው። «ይኼን አልቀባውም» አለኝ። «ቤት ለመግዛት የሚመጣ ሰው ቢኖር ገበሩን ይይ።» «ማን ሊሸጣት ነው?» ብለው፣ «ማንም አይሸጣትም፤ ይይ ግን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጥምቀት አለፈ፤ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ መብራት ገባ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ የጀርባዋ ግድግዳ ግን ጭዱ እየታየ እንዲሁ አለ። ሰብለ ልጅ ሳለች ታፍርበት ነበር። «ምነው የኛ ቤት ብቻ ጀርባዋ ራቁቷን?» ትለን ነበር ከጓደኞቿ ጋር ስትመጣ።

ያን ቀን አዘዞ፣ ጭቃውን በእጄ እንደያዝኩ፣ ይኼን ሁሉ ለሷና ለባሏ አወራኋቸው። ባሏ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ጨንቆታል፤ ለካ እኔ ሳልደርስ ለደላላ ደውሎ፣ «ጂፕሰሙን መልሰን፣ ቀለም ቀብተን ለጥምቀት እንሽጠው» ተባብለው ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። እኔም ምክር አልጨመርኩም፤ ወጪው የነሱ ነው፣ በሰው ኪስ ጀግና መሆን ቀላል ነው። ያ ጓዳ እንደተከፈተ ብዙ ወር ቆየ። በአንድ ክፍል ተጠጋግተው ኖሩ፤ አዲስ ዕቁብ ገቡ፤ የባሏ ወንድሞች ብሎኬት ተሸከሙ፤ አዳነ ዓይኑ ደክሞ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ባይችልም ለጎደለው በር መጋረጃ ሰፋላቸው፤ ያቺው አበባ ያለባት ዓይነት። ትናንት ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሰብለ ናት፤ ከበስተኋላዋ የባልዲ ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ቀቢው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። የቱን ግድግዳ ነው የምንተወው?»